መሪውን ስለማስተካከል

ለተከበሩ የትራንስፖርት ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ወንድም ካለዎትም ከነወንድምዎ፣ እጅግ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በግቢያችን ውስጥ አንድ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን በእጁ የሠራው በያጅ ታናሽ ወንድም ነኝ። ላደረጉልን ሁሉ በተራ በተራ እንዳመሰግንዎ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ወንድሜ ከስምንት ወር በፊት «የአውሮፕላኑን መሪ ለመግጠምና ለማስተካከል» ተቆጣጣሪ እንዲላክለት አመለከተ። መሪ ያለው፣ ጭራው ላይ እንደ በር በማጠፊያ ተንጠልጥሎ አውሮፕላኑን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ክፍል ነው። መሥሪያ ቤትዎ ግን «መሪን ማስተካከል ከሥልጣናችን በላይ በመሆኑ ጉዳዩ ለበላይ አካል ተመርቷል» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ሰጠን። ወንድሜ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያም ሥዕል ሠርቶ፣ በቀስት አመልክቶ፣ «ይኼ ጭራ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ ጽፎበት አስገባ። ሥዕሉ በከንቱ አልቀረም፤ ሦስተኛው መስኮት ላይ የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥበት በዓይኔ አይቻለሁ።

2ኛ. ወንድሜ መልስ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መሪውን ለጊዜው ሰቅሎ ከፔዳሎቹ ጋር በሽቦ ገመድ አያያዘው፤ እግር ሲነሣ ወደ መሃል የሚመልሰው ሞላም (ስፕሪንግ) ገጠመለት። መሪው ወደ ሁለቱም ወገን እኩል መታጠፍ ስላለበት፣ መለኪያ ብሎ የእኔን ፕሮትራክተር ጭራው ላይ በፕላስተር ለጠፈ። እኔ ስረግጥ እሱ ከኋላ ሆኖ ይጮኻል፦ «ግራ ሠላሳ! ቀኝ ሃያ ሰባት! ኧረ ቀስ፣ እግር ነው መዶሻ?» እኔም ያለ ፕሮትራክተር የጂኦሜትሪ ፈተና ገብቼ ወደቅሁ። «ሦስቷን ዲግሪ ቅዳሜ እናስተካክልና ፕሮትራክተርህን ትወስዳለህ» አለኝ።

3ኛ. ቅዳሜ ሳትደርስ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ መሪው አልታዘዝ ያለው የጭነት መኪና ወንድሜን የእግረኛ መንገድ ላይ ገጭቶ ገደለው። ለዚህኛው መሪ ምስጋናዬ የተለየ ነው፤ በዚያው ሳምንት፣ ከአደጋው በፊት፣ በእርስዎው ሕንጻ ምድር ቤት፣ በአንድ ጠዋት ብቻ ተመርምሮ «ብቁ» የሚል ተለጣፊ አግኝቷል። ተለጣፊው ጭረት እንኳ አልነካውም። ለካ ሲፈልጉ ቶሎ መሥራትም ይችላሉ።

4ኛ. ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሠሪው በሠላሳ ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ አውሮፕላኑ ተፈታቶ እንደሚወሰድ የሚገልጽ ደብዳቤዎ ደረሰን። ሄጄ ወንድሜ መሞቱን ተናገርሁ። የሦስተኛው መስኮት ጸሐፊ ክፉ ሰው አይደለችም፤ «ውይ ማሙሽዬ፣ ነፍስ ይማር! ግን እሱ ራሱ ካልመጣ አይሆንም» አለችኝ። እኔ ልፈርም ብል ዕድሜዬ አልደረሰም። እናቴ ትፈርም ብል ሠሪ አይደለችም። ደብዳቤውን ከእናቴ ደብቄዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የአውሮፕላኑን ክንፍ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?

ክቡርነትዎ፣ ይብረር አላልሁም። ሦስቷ ዲግሪ እንድትስተካከል ብቻ ነው የምፈልገው። ብቻዬን ሞክሬያለሁ። ፔዳሉን ረግጬ ፕሮትራክተሩን ላነብ ወደ ኋላ ስሮጥ፣ እግሬ ከመነሣቱ ሞላው መሪውን ወደ መሃል ይመልሰዋል። አሥራ አንድ ጊዜ ሮጥሁ። ለካ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፣ የወንበርዎ ስፖንጅ አይስጠም፣ ሻይዎም ሥዕል አይጣ እያልሁ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ለመፈረም ያልደረሰው፣
የሠሪው ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦ ለምድር ቤቱ የመኪና መርማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «በአካል ይቅረብ» የተባለውን በተመለከተ፣ ወንድሜ በመካነ መቃብሩ፣ ከበሩ በስተቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሥራ ሰዓትም ከሥራ ሰዓት ውጪም ይገኛል። ሊያስፈርመው የሚሄድ ተቆጣጣሪ ካለ ግን እባክዎ በቤታችን በኩል ይለፍ። ፈቃድ አልጠይቀውም። ቀኙን ፔዳል ረግጦ ይያዝልኝ።