መዝሙሩን ማን ያውጣ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ከልምምድ አሁን ገባሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል። እግሬ አቧራ እንደለበሰ ነው፣ አልታጠብኩም። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ በሽቄያለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሳምንት ለወጣቶች ጉባኤ መዝሙሩን እየመራሁ የማወጣው እኔ አይደለሁም። የከላላና የወግዲ ሰ/ት/ቤቶች ሁሉ በሚመጡበት ቀን! ዲ/ን ሀብታሙ ዘማሪው ሁሉ እየሰማ ተናገረ፦ አጁሉ ታወጣለች። አጁሉ ከጋምቤላ መጥታ እዚሁ መካነ ሰላም ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። እኛ ጋ መዘመር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማወጣው።

ምክንያቱ፦ መድረካችን ላይ አንድ ዓይነት መልክ ብቻ አይታይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሁሉም ናት። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ምን ብዬ ልከራከር?

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ባነሩ ደሴ ታትሞ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰቅሏል። መሐል ላይ አጁሉ፣ ትልቅ ሆና፣ እየሳቀች። እኔ ዳር ነኝ፣ ግማሽ ፊቴ ተቆርጧል። ታናሽ እህቴ አይታ አንቺ የቷ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ።

ቆንጆ ናት ደግሞ። ቁመቷ! ልብስ ስንቀይር ልጆቹ በጥቁረቷ ቀለዱ። መብራት ከጠፋ በነጠላዋ እንፈልጋታለን አሉ። ሳቅሁ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ወጣች።

አፈርኩ። ባነሩ ሥር ሳልፍ ግን እንደገና ቀናሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ብቻዋን ትለማመዳለች። ከአባባ ጋር ስናልፍ ቆመው ሰሟት። ማን ናት አሉኝ፣ ነገርኳቸው። "ድምፅ ሰጥቷታል" አሉ። ጥቂት ሄደን ደግመው "ሰጥቷታል!"

እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ስዘምር የሚያዩት ስሕተቴን ነው።

እራት አልበላሁም። ራሴን አመመኝ አልኩ። እማማ አብሽሪ እያለች ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ይባስ አስለቀሰችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ጉድ ነው። ሀብታሙ ለብቻዬ ጠራኝ። አጁሉ ከፊት የምትቆመው ለመታየት ነው፤ ማይኳ ይዘጋል። እኔ ከመድረኩ መጋረጃ ኋላ ሆኜ እዘምራለሁ። እንግዳ ፊት አማርኛው ቢያዳልጣትስ ብሎ።

"ለእሷስ ነገርካት?" አልኩት።

"ምን ያስፈልጋል? ይከፋታል።"

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ቤት ሳልደርስ ግን ሌላው መጣብኝ፦ ሰው የእኔን ድምፅ ሰምቶ እሷን ሊያደንቅ ነው! በዚህም ቀናሁ።

ጓሮ በኩል ስመጣ አሁንም እየተለማመደች ነበር። ሳልነግራት አለፍኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14
እንደምንም ልጻፈው።

ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረክ መሪው "ከጋምቤላ የመጣችው እህታችን" አላት፤ ስሟን አልጠራም። ተጨበጨበ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቤት ላይ አላወቀችም። ሁለተኛው ላይ ነቃች፤ የሚሰማው የእሷ ድምፅ አይደለም። ማይኩን መታ መታ አደረገችው። አፏን ዘጋች። መዝሙሩ ግን ቀጠለ፣ በእኔ ድምፅ። ሰው ተንሾካሾከ፣ አንዱ ሳቀ። ዞር ብላ በመጋረጃው ክፍተት አየችኝ።

መጨረስ እችል ነበር። ጥቂት ቀጠልኩም። ከዚያ ድምፄ እምቢ አለኝ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና የያዝኩትን ማይክ ሰጠኋት።

"አውጪው።"

"አንቺስ?"

"እቀበልሻለሁ።"

አወጣችው። አንድ ቃል አዳለጣት፤ ማንም ልብ አላለውም። እናቶች እልልታውን አቀለጡት። አባባ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔም ተቀበልኩ። እየተቀበልኩ ውስጤ በቅናት ይቃጠላል።

ሲበተን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ስለዚያ ሳቄም ጭምር። ነጠላዋን አስተካከለችና፣

"ማይኩን ስትሰጪኝ ስሜን ብትጠሪልኝ ጥሩ ነበር" አለች።

ሀብታሙ አኩርፏል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ሀብታሙ ኩርፊያውን ትቶ ቤት ድረስ መጣ። ከጾሙ በኋላ ወግዲ ላይ ጉባኤ አለ። እዚያ የማወጣው እኔ ነኝ፣ ከፊት ቆሜ። ለአጁሉ ባነሩ ይበቃታል አለ።

የምመኘው ይኸው ነበር። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፦ እሷ ታውጣ፣ እኔ ከበሮ እመታለሁ፤ ስሟም ይጠራ፤ ካልሆነ እኔ የለሁበትም። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ቅናቱ አልወጣልኝም፣ ማስታወሻዬ። ይወጣልኛልም አልልህም። ነገ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ እነግራታለሁ። ምናልባት በእሑዱ ተቀይማ እምቢ ትል ይሆናል። እምቢ ካለች ደግሞ ያው እኔ ነኝ የማ…

አይ። እምቢ እንድትል እየተመኘሁ ነው። ነጠላዬ የታል? ሳይመሽ አሁኑኑ ሄጄ ልንገራት።