ስለ ዮናታን ቀኝ እጅ

ለተከበሩና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ እንዳለ፣

አባቴ ሆይ፣ ባሕር ተሻግሬ ባልደርስበትም ጉልበትዎን ስሜ እንደ ተነሣሁ ይቁጠሩልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ሲያሠቃይዎ የነበረው ወገብዎ ተሻለዎት? እናቴ ዓለምነሽ እንዴት ናት? የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች? ታላቅ እኅቴ ቤቴል ከነባለቤቷና ከነልጆቿ ደኅና ናት? ትንሿ እኅቴ ሐሴት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? አጎቴ መላኩ ከነቤተሰቡ፣ አክስቴ ሀረገወይን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና መዘምራኑ ሁሉ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ልጅዎ ዕዝራ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እህልም ይወርድልኛል፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ወንድሜ ስለ ዮናታን ግን እንደ ልማዳችን «ደኅና ነው» ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ወረቀቱን ይዛ የምትመጣው ዳግማዊት አብያተ ክርስቲያናቱ ባሉበት በአቡ ሃሙር አብራን የምታመልክ እኅታችን ናት፤ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስለምትሄድ በቤተ ክርስቲያን በእጅዎ እንድትሰጥዎት አደራ ብያታለሁ። እባክዎ ብቻዎን ያንብቡት። ስልኩ በእናቴ እጅ ስለሆነና ድምፁም ለቤቱ ሁሉ ስለሚሰማ፣ ዮኒ እጁን የፈላ ዘይት እንዳቃጠለው አድርጌ ነገርኳችሁ። ያ እውነት አይደለም። እውነቱን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት የምሠራው ሰናዒያ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ በአንድ ድርጅት ግቢ በጥበቃ ነው። ድርጅቱ የቧንቧ ብየዳ ይመረምራል። ሰው አጥንቱ ሲሰበር ራጅ እንደሚነሣ ሁሉ፣ እነርሱም በብየዳው ውስጥ ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ ብረቱን ራጅ ያነሡታል። ጨረሩ የሚወጣው በአንድ ቢጫ ሣጥን ውስጥ ተቆልፋ ከምትቀመጥ ትንሽ ብረት ነው። ሣጥኑ በእጅ የሚንጠለጠል ቢሆንም እጅግ ከባድ ነው፤ ክብደቱም ጨረሩን አፍኖ ለመያዝ ነው። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ግን ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ለእኛ ለጠባቂዎቹ የተነገረን ዕቃው ውድ እንደሆነና እንዳንነካው ብቻ ነበር።

በኅዳር ወር፣ እኔ ተረኛ ባልነበርኩበት ቀን፣ ሌቦች በግቢው የቆመውን የድርጅቱን መኪና ሰብረው ሣጥኑን ወሰዱት። ክብደቱን አይተው እርሳስ ወይም መዳብ መስሏቸው ነበር። ሙዲሩ፣ ማለት ሥራ አስኪያጁ፣ ሰበሰበንና የሣጥኑን ፎቶግራፍ በስልኩ እያሳየ፣ «የመለኪያ ዕቃ ጠፍቷል፤ ያየ ሰው ለእኔ ይንገረኝ፤ ወሬው ግን ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ» አለን። ለፖሊስም ወዲያው አላመለከተም። በውስጡ ያለችው ብረት ምን እንደምትመስል፣ የነካትንም ሰው ምን እንደምታደርገው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም በታዘዝኩት መሠረት ቢጫ ሣጥን ፍለጋ በየአጥሩ ሥር ጎንበስ ቀና ስል ዋልኩ።

ሌቦቹ ግን ሣጥኑን ከፍተው በውስጡ ያለችውን ብረት ፋይዳ የላትም ብለው ከቁራጭ ብረት ክምር ላይ ጥለዋታል። ያ ክምር ዮኒ ብረት እየለየ የሚሠራበት ግቢ ነው። የጣት ያህል ርዝመት ያላት፣ እንደ ልብ የምትተጣጠፍ ሽቦ ሆና ጫፏ የሚያብረቀርቅ ነገር አገኘ። ሐሙስ ማታ በክፍላችን ለጸሎት ስንሰበሰብ አልጋዎቹን የምንጋርድበት መጋረጃ አለን። መስቀያው ተበጥሶ ስለነበር፣ ለጌታ ቤት ትሆናለች ብሎ ወደዳት። እንዳትጠፋበት በቀኝ እጁ ጨብጧት በሥራው አውቶቡስ አብረን እስከምንኖርበት የሠራተኞች ካምፕ መጣ። እንደ ደረሰም ጠምዝዞ መጋረጃውን ሰቀለባት። እኛም ከሥሯ ቆመን ዘመርን፣ ጸለይን። መጋረጃው ቀጥ ብሎ መዋሉን አይተን አመሰገንነው።

በዚያው ማታ ዮኒ አስመለሰው። አንዱ የክፍላችን ልጅ «የቱና ዓሣውን ብቻህን ስለ ጨረስከው ነው፣ ጌታ ፍርዱን ሰጠ» ብሎ ሲቀልድበት ሁላችንም ሳቅን። ከሌቦቹ አንዱም በዚያው ሰሞን ታምሞ ሐኪም ቤት ስለ ገባና ስለ ተናዘዘ፣ የመንግሥት ሰዎች ጨረር ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ ይዘው ግቢዎቹንና ካምፖቹን ያስሱ ጀመር። የእኛ በር ላይ ሲደርሱ መሣሪያው ያለ ፋታ ጮኸ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹና «ያላ፣ ያላ» እያሉ፣ እያጣደፉ ጫማችንን እንኳ ሳናጠልቅ አስወጡን። ብረቷን በረጅም መቆንጠጫ አንሥተው በወፍራም ዕቃ ውስጥ ከተቷት። የሁላችንም ደም ተመረመረ። የእኔ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አሁን ግን እየተስተካከለ መሆኑን ነግረውኛል። ከሌሎቹም የከፋ አልተገኘባቸውም።

የዮኒ መዳፍ መጀመሪያ ፀሐይ የመታው ያህል ብቻ ቀላ። እንዲያውም ያሾፍብኝ ነበር፦ «አንተ ጠባቂ ነኝ ትላለህ፤ ውጭ ሣጥን ስታሳድድ ሽቦው ቤትህ ገብቶ አደረ» ይለኛል። ከዚያ በኋላ እጁ አበጠ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ቆዳው ተገፈፈ። አሁን ሦስቱ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሌሊት ሌሊት ትራሱን ነክሶ ያድራል፤ ቀን ግን የሚቀልድ ይመስላል።

ከድጃ የምትባል የአገራችን ልጅ በሆስፒታሉ ነርስ ስለሆነች፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ትተረጉምልናለች። ይህ ቃጠሎ እንደ እሳት ከላይ ብቻ እንደማይቀር፣ ሥጋውን ከውስጥ እንደ ገደለው፣ ከእጁ አንጓ ካልተቆረጠም ቁስሉ ወደ ክንዱ እንደሚወጣ ነግራናለች። ደሙም ስለ ተዳከመ መርዙ ከተሰራጨ ነፍሱን ማትረፍ እንደማይችሉ ሐኪሙ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ያ የተናዘዘው ሌባም እንዲሁ «አልቆረጥም» ብሎ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አረፈ። ይህን ለዮኒ አልነገርኩትም።

ዮኒ እምቢ ብሏል፣ አባቴ። የኅብረታችን መሪ ወንድም ጋሻው መጀመሪያ ዘይት ቀብቶ ሲጸልይለት «ጌታ እጅህን ይመልሰዋል» ብሎት ነበር። ኋላ ፋሻው ሲፈታ አይቶ ወደ ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ፤ ተመልሶም ሐኪሙን እንዲሰማ ለመነው። እርሱን አልወቅሰውም። ዮኒ ግን የፊተኛውን ቃል ይዞ የኋለኛውን አልቀበል አለ። እኔ ስለምነው የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፦ «መላጊያ መግፋት፣ መጋዝ መያዝ ያስተማረው አባቴ ነው። ይህን እጅ ሠርቶ የሰጠኝ እርሱ ስለሆነ ሳልጠይቀው ለሰው አልሰጥም» ይለኛል። በስልክ ላገናኝህ ስለው ደግሞ «አባቴን በስልክ ካጣደፋችሁት እሺ ይላችኋል፤ አስቦበት በራሱ እጅ ይጻፍልኝ» አለ።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ፖሊሶች፣ ከምጠብቀው ግቢ የጠፋው ዕቃ ከምተኛበት ክፍል እንዴት እንደ ተገኘ ይጠይቁኛል። የማውቀውን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ፤ አስተርጓሚውም «ኢንሻአላህ ይጣራል» ይለኛል። ፓስፖርቴ ግን በእነርሱ ዘንድ ነው። ነገ እኔን ወስደው ቢያቆዩኝ በዮኒ አጠገብ ተቀምጦ የሚያባብለው ሰው የለም። ስለዚህ ሳልወሰድ ይህ ነገር እንዲያልቅ እፈልጋለሁ።

አባቴ ሆይ፣ ለእርስዎ ቃል ላስተምርዎት አልደፍርም። ሆኖም እንዲቆረጥ መፍቀድዎን በእጅ ጽሕፈትዎ እንዲጽፉለት በእግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ። ከእጁ ይልቅ እርሱን እንደሚፈልጉት ይንገሩት። በግራ እጁም ቢሆን ከእርስዎ ጋር የሚሠራው ሥራ እንዳለ ይጻፉለት፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ጽሕፈትዎን ስለሚለይ ሌላ ሰው አይጻፍልዎት። ዳግማዊት ወረቀቱን በስልኳ አንሥታ በዚያው ቀን ትልክልኛለች፤ ዋናውንም ስትመለስ ታመጣለታለች።

ለእናቴ የምትችለውን ያህል ብቻ፣ እርስዎ በመረጡት ሰዓት ይንገሯት። እጆቿን ስሜአለሁ። ቤቴልን ከነባለቤቷ፣ ልጆቿንም በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ለሐሴት ወንድሟ ዮኒ እንደሚናፍቃት ይንገሩልኝ፤ ይህ እውነት ነው። አጎቴን መላኩንና አክስቴን ሀረገወይንን፣ ሽማግሌዎቹንና መዘምራኑንም ሰላም እላለሁ። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ስለ ዮናታን እንዲጸልዩ አደራ ይበሉልኝ።

ሐኪሙ ከእሑድ በላይ መጠበቅ አልችልም ብሏል። ዳግማዊት መልስዎን ሳትቀበል ከአጠገብዎ እንዳትለይ ነግሬአታለሁ። እባክዎ አባቴ፣ ይህን ባነበቡበት ሰዓት ብዕር አንሥተው ይጻፉልን።

ልጅዎ ዕዝራ እንዳለ
ዶሃ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.