ቀን የሠሩትን የጠየቁት፦ የመምህር ታፈረ ሰጠኝ የሕይወት ታሪክ

መምህር ታፈረ ሰጠኝ ከአባታቸው ከቄስ ሰጠኝ አረጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንችይርጋ ሙሉሃብት፣ በላስታ አውራጃ፣ ከገነተ ማርያም የግማሽ ቀን መንገድ ቁልቁል በምትገኘው በቦይ አፍ ከተማ፣ ግንቦት 21 ቀን 1933 ዓ.ም. ተወለዱ። ከተማ ስንል ሰምቶ የሚስቅ እንግዳ ካለ ይቅርታ እናድርግለት፤ አያውቃትም። ቦይ አፍ ትንሽ ብትሆንም ከዓለት ተፈልፍሎ በወረደ ቦይ ወፍጮዎቿ የሚዞሩ፣ ቆዳ የሚለፋባት፣ ማረሻዋ እስከ ሰቆጣ ገበያ የሚፈለግ የሥራ አገር ናት። መምህር ታፈረ ስለ እሷ ሳያወሩ የዋሉበትን ቀን እኛ ቤተሰቦቻቸው አናስታውስም።

ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው እግር ሥር ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በላሊበላ፣ ቀጥሎም በወልድያና በደሴ ተከታትለዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠያቂ ነበሩ። አባታቸው ቄስ ሰጠኝ መልስ ሲያልቅባቸው፣ «ይህ ልጅ እኮ ነፍሱን ሊወስድ የመጣውን መልአክ የማን ወገን ነህ ብሎ ያቆመዋል» ይሉ ነበር።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው በሌላ ወረዳ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. በቦይ አፍ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለምነው ወደ ትውልድ ቦታቸው ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋን ታሪክ ማጠያየቅ ሥራቸው ሆነ። ሠርግ ቤት ሽማግሌ ይዘው ጥግ ይቀመጣሉ፤ ለቅሶ ቤትም ሰው ዕንባውን ሳይጠርግ የሟቹ አያት የየትኛው ወፍጮ ባለቤት እንደነበሩ ይጠይቃሉ። ዛሬ እዚህ ቀብር ላይ ቢቆሙ ኖሮ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ይዘው ጥግ እንደሚቀመጡ ሁላችንም እናውቃለን።

ትዳራቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለ መጀመሪያው ወፍጮ ሊጠይቁ እማማ ሸጌ ከሚባሉ አዛውንት ቤት ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን እማማ ሸጌ፣ «አንተ ልጅ፣ የወፍጮውን ወሬ ከጨረስነው ቆየን። አሁን የምትመጣው ለማን ነው?» አሏቸው። መምህር ታፈረ መልሱን ሽማግሌ ልከው ነገሯቸው። የካቲት 1960 ዓ.ም. የእማማ ሸጌን የልጅ ልጅ ወይዘሮ ብርቅዬ ጋሻዬን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ወርቅአገኘሁን፣ ጥሩሰውንና ዘነቡን ወልደዋል። ወይዘሮ ብርቅዬ ጨው ገዝተው እንዲመጡ ልከዋቸው የሰው አያት ታሪክ ይዘው እየመጡ ስንት ወጥ አልጫ እንደቀረ ጎረቤት ያውቃል።

በአንድ ነገር ግን መምህር ታፈረም እንደ ሁላችንም ተሳስተው ኖረዋል። በላስታ የተፈለፈለ ድንጋይ ያየ ሰው ሠሪውን አይጠይቅም፤ የመላእክት ሥራ ነው ብሎ ያልፋል። ውሃውን ከዓለቱ ወገብ የሚያወርደውን ቦይም አባታቸው ቄስ ሰጠኝ መላእክት እንደፈለፈሉት በየበዓሉ ያስተምሩ ነበር። መምህር ታፈረ እስከ ነአኩቶ ለአብና እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ወጥተው ቢጠይቁም የሰሙት ይህንኑ ነው፤ ለተማሪዎቻቸውም ይህንኑ አስተማሩ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ቦዩ ሲጠረግ ግን ቄሱም ገበሬውም ዶማውን ይዞ ዳር ይቆማል። ከቆዳ አልፊው ከአቶ ሸዕባን አብዱልሀሚድ ቤት አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ገብቶ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳያነሣ ማንም እጁን አያስገባም። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂው መምህር ታፈረም እንኳ አልጠየቁም።

በ1972 ዓ.ም. የአካባቢው ገበሬ ማኅበር የወንዙን ዳር ለአዲሱ የኅብረት እርሻ ሊሰጥ አሰበ። ቆዳ የሚያለፉትና ማረሻ የሚቀጠቅጡት እስላም ቤተሰቦች መጤ ናቸው ተብለው ከውሃው እንዲነሡ ተነገራቸው። ከውሃ የተነሣ ቆዳ አልፊ ምን በልቶ እንደሚያድር ግልጽ ነው። አቶ ሸዕባን የመምህር ታፈረ የልጅነት ጓደኛ ስለነበሩ መምህር ሊያጽናኗቸው ሄደው፣ እግረ መንገዳቸውን የድንጋዩን ነገር ጠየቋቸው። አቶ ሸዕባንም ቦዩን የፈለፈሉት ቅድመ አያታቸው አባስ መሆናቸውን፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ዓለት ተንዶባቸው እዚያው መሞታቸውንና አገሬው ለመታሰቢያ «የአባስ ቤት እጅ ይቅደም» ብሎ እንደማለ ነገሯቸው። መምህር ታፈረ እስከዛሬ ለምን እንዳልነገሯቸው ሲጠይቁ፣ «መቼ ጠየቅኸን? ወላሂ፣ አንተ ስትጠይቅ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የምትወጣው» አሏቸው። ይህችን ነገር መምህር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም።

ይህን የወንዙ ዳር ጉዳይ በሚታይበት ሸንጎ መናገር አባትን በሕዝብ ፊት ሐሰተኛ ማድረግ ነበርና እጅግ ከበዳቸው። አስቀድመው አባታቸው ዘንድ ሄደው ነገሯቸው፤ ቄስ ሰጠኝ ዳዊታቸውን መድገም ቀጠሉ። በስብሰባው ቀን መምህር ታፈረ ተነሥተው የአባታቸውን ስም ሳይጠሩ እንዲህ አሉ፦ «መላእክት ማታ ማታ ሠሩ ሲባል ሰምተናል። ቀን ቀን የሠሩት እነማን ናቸው? ቦዩን ስንጠርግ ማን እስኪገባ ነው የምንጠብቀው?»

 ይህን ጊዜ ቄስ ሰጠኝ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «የፈለፈለው አባስ ነው፤ አያቴ ነግረውኛል። ለመላእክት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ እንኳ አልጠየቁኝም» ብለው ተቀመጡ። ከሊቀ መንበሩ ጀምሮ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ መጤ የሚለውን ቃል የደገመው የለም፤ የአባስ ቤትም ከውሃው ሳይነሣ ቀረ። አባትና ልጅ ከስብሰባው አብረው፣ ያው ቄሱ ቀድመው ልጅየው ተከትለው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወንዙ ክር ሲያክል ወፍጮዎቹ ቆሙ። ወይዘሮ ባንችይርጋን ያጣናቸው በዚያ ክፉ ጊዜ ነው። ለሠፈራ የሚሄዱት ሲያልፉ መምህር ታፈረ መንገድ ዳር ቆመው እያንዳንዱን በአባቱና በአያቱ ስም ይጠሩት፣ ወገኖቹ በየትኛው ወፍጮ ይሠሩ እንደነበር ይነግሩት ነበር። የሚሰጡት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ማታ ቤታቸው ገብተው ያለቅሱ እንደነበር ወይዘሮ ብርቅዬ ይመሰክራሉ።

መምህር ታፈረ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በደሴ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ የወፍጮ ድምፅ እየሰማሁ ልተኛ ብለው በጠየቁት መሠረት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዘንድሮው ጠረጋ መውረድ ባይችሉም መልእክተኛ ልከው ማን ቀድሞ እንደገባ አረጋግጠዋል። ጥቅምት 11 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጃቸውን ለመቅበር የቆሙት አባታቸው ቄስ ሰጠኝ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ሦስቱ ልጆቻቸውና ያስተማሯቸው ሁሉ በብርቱ አዝነዋል።

ዛሬ ጠዋት መቃብራቸው ሊቆፈር ሲል ቄስ ሰጠኝ ዶማ የያዙትን ጎልማሶች በእጃቸው አስቆሙ። «ማን እንደሚቀድም ታውቃላችሁ» አሉ። አቶ ሸዕባን ጫማቸውን አውልቀው ገቡና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሡ፤ ሌላው ሰው ከዚያ በኋላ ነው የገባው።

ቀን የሠሩትን ሰዎች ስም ሲጠይቁ የኖሩትን የእኚህን ሰው ስም እግዚአብሔር በሕይወት መጽሐፍ ያስፍርልን። ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ መቼም ጥያቄ አያጡም።