ለሽማግሌዎቹ ያደረስኩት ኬክ

ይድረስ ለወንድሜ ለኤሊያስ፣ ደቡብ አፍሪካ።

ወንድም ጋሼ፣ ቁጣዬ ይቆይና መጀመሪያ ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ነህ? ያ ብርድ ሲመታህ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ያስቸግርሃል? ባለቤትህ ሀኒስ እንዴት ናት፣ ከወለደች በኋላ ያማት የነበረው ወገቧ ተሻላት? አዶናይ ጥርስ አወጣ ብላችሁኝ ነበር፤ ስንት ደረሰለት? ሰው ይለምዳል ወይስ እንዳንተ አኩራፊ ነው? ሱቃችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ፣ የሰፈሩ ጸጥታ እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ደም ግፊት በአዲሱ መድኃኒት ረግቶላታል። የጓሯችን እንሰት ዘንድሮ እንደ ጉድ ወፍሯል፤ መጥተህ ብታየው አታውቀውም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ከዚያ ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ አንተ ትቆርጠዋለህ፤ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ድምፄን ቀድቼ ብልክልህም መግቢያውን ሰምተህ ትተወዋለህ። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በእጁ ልኬዋለሁና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ስለ ሥራዬ ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ። ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ አንገቴ ሊጣመም ነበር። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ የሥራ ልምድ። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ዱራሜ ሄጄ ተፈተንኩ፣ ሙዱላ ድረስ ሄጄ ተመዘገብኩ፣ የጠራኝ የለም። ባለፈው ሚያዝያ ግን አሕመዲን፣ ያ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ኮስሞቲክስና የቤት ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ሞተር የሚነዳ የዴሊቨሪ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ ሰዓቱ እንደሚመች ነው ብሎ በቴሌግራም ለጠፈ። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለኝ። አባዬ በሕይወት ሳለ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሞተር፣ ጃጁራ ያለው ሜዳ ላይ ሁለታችንንም እንዳስተማረን አትረሳውም። አንተ የሰው አጥር ጥሰህ እንደገባህ እኔም አልረሳሁም።

አሕመዲን ሲያየኝ ለወንድምሽ ነው ወይ የምትጠይቂው አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። ብዙ አልተከራከረኝም፤ ሠላሳ እንቁላል የያዘ ካርቶን ከሞተሩ ኋላ አስሮ እስከ ስታዲየሙ ደርሰሽ ተመለሺ አለኝ። መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ኮብልስቶኑ ጥርስ ያረግፋል። ስመለስ ሁለት እንቁላል ተሰብሯል። አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ፣ ካንቺ በፊት የመጣው ዘጠኝ ነው የሰበረው ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። በዘመድ አልገባሁም ወንድም ጋሼ፣ በእንቁላል ነው የገባሁት።

መጀመሪያ ትእዛዝ ሲኖር ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር የምሠራው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣውን ዕቃ መናኸሪያ ሄጄ እረከባለሁ፣ ለየባለቤቱ አደርሳለሁ። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ሰሞን ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ዕቃዬን ለይተው የሚያስቀምጡልኝ እነሱው ናቸው። የቤት ቁጥር የሚባል ነገር በማይነገርበት ከተማ ሥራው ቀልድ አይደለም። ስልክ የምታነሳው ነኢማ ናት፣ የአሕመዲን እህት። ደንበኛው ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ ውሻ የሚጮህበት ግቢ ይላታል፤ ሆሳዕና ውስጥ ውሻ የማይጮህበት ግቢ ካለ እስቲ ንገረኝ! ጭቃ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ ባዶዬን የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ግን እየለመድኩት፣ እየወደድኩትም መጣሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ሙሉ ቀን በደመወዝ ተቀጥሬ ፈርሜያለሁ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነውና ሞተሩን ለእኔ ተወው።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ጋሽ ሕዝቅኤል የነገሩህን ሰምተሃል፤ እኔ ያየሁትን ግን አልሰማህም።

ያን እሁድ ከቸርች ስመለስ ነኢማ ደወለች። አንድ ኬክ ቤት፣ ትልቅ ኬክና አንድ ሳጥን ለስላሳ ለሰው ቤት አድርሱልኝ ብሏት ነበር። አድራሻውን ስትነግረኝ ሳቅኩ፤ የገዛ አጎታችን የጋሽ ሕዝቅኤል ቤት ነው። የጸሎት ፕሮግራም ኖሯቸው ሳይጠሩኝ ቀሩ ብዬ ትንሽ ቅር እያለኝ ሄድኩ። ጋሽ ሕዝቅኤል ያዘዙት ኬክ ቤቱን ነው፤ ኬክ ቤቱ ዕቃ የሚልከው በእኛ በኩል መሆኑን ከየት ይወቁ!

ኬኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሄልሜቴን እንዳጠለቅኩ ሳሎን ገባሁ። አምስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ የራሳችን ቸርች ወንጌላዊ ናቸው። ጸሎቱ አልቆ አንጋፋው ሽማግሌ ንግግር ጀምረው ነበር። ልጃችሁን ሊሻንን ለልጃችን ለመልካሙ ብለን መጥተናል ሲሉ ሰማኋቸው። መልካሙ፣ ያንተው የሱቅ ሸሪክ! እኔ መሆኔን ያወቀ የለም፤ አንዱ እንዲያውም ልጄ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው አሉኝ። አስቀመጥኩት፣ ሄልሜቴንም አወለቅኩ። ያኔ የጋሽ ሕዝቅኤልን ፊት ብታየው አመድ መስሏል።

ደሜ ፈልቷል፣ ግን የአባዬ ልጅ ነኝና ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ሊሻን እኔ ነኝ፣ አባቶቼ ስለ ድካማችሁ ጌታ ይባርካችሁ፣ ዛሬ ወደዚህ ቤት ያመጣሁት ግን ኬክ ነው እንጂ ራሴን አይደለም አልኳቸው። ከዚያ የመረከቢያ ደብተሩን ለጋሽ ሕዝቅኤል ዘረጋሁላቸው። እስክሪብቶ ስላጡ የእኔን ተውሰው ፈረሙ። ለስላሳውንም ከሞተሩ ፈትቼ አስገባሁ፤ ሥራ ሥራ ነው።

አንጋፋው ሽማግሌ ተነሥተው፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ ነው እንዴ እኛን ያስመጣችሁን ብለው ጋሽ ሕዝቅኤልን ተቆጧቸው። ጋሽ ሕዝቅኤልም ኤሊያስ ተስማምታለች ብሎኛል፣ ለእናቷም የነገራት ይህንኑ ነው አሉ። ወንድም ጋሼ፣ ሽማግሌ መላኩ አላመመኝም። ያመመኝ ይህ ነው። እማዬ እኔ አፍሬ ዝም ያልኩ መስሏት፣ እስክነግራት ስትጠብቅ ነው የከረመችው። እኔ ራሴ ሳላውቅ የእኔን እሺታ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ያውቀው ነበር።

መቼ ነው እሺ ያልኩት? ሳስብ ሰንብቼ አገኘሁት። በሰኔ ስለ መልካሙ ምን ትያለሽ ብለኸኝ፣ እንደ እሱ ያለ ሰው አይገኝም ብዬሃለሁ። አሁንም እላለሁ። ሱቃችሁ በተዘረፈ ቀን በደም ተነክረህ ሳለ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰህ እሱ ነው፤ ስጸልይ ስሙን ጠርቼ ነው የምጸልይለት። ወንድሟን ያተረፈላትን ሰው የማታመሰግን እህት የት አለች? አንተ ምስጋናዬን ወስደህ ጋብቻ አደረግከው። ውለታ እንዳለብህ አውቃለሁ፣ ከባድ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ግን በራስህ ጉልበት መልሰው። እኔ በየቀኑ ዕቃ አስሬ የማደርስ ሰው ነኝ፤ ታስሮ የሚላክ ዕቃ ምን እንደሚመስል ካንተ የበለጠ አውቃለሁ።

በማግስቱ ደውለህ ሞተሩን መልሺ፣ ወደ መልካሙ የምትመጪበት ቪዛ እስኪደርስ ቤት ተቀመጪ አልከኝ። የኤሊያስ እህት የሰው ዕቃ በሞተር ታመላልሳለች መባሉ አሳፈረኝ አልከኝ። አሳፈረኝ? እዚያ የደረስክ ሰሞን ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሸጥ ብርድ ልብስ በትከሻህ ተሸክመህ የሰው በር ስታንኳኳ አልነበር? እማዬ ያንን በሰማች ጊዜ አልቅሳ ስታበቃ ልጄ ሠርቶ አዳሪ ነው እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች። ያንተ ትከሻ ሲሸከም ጉብዝና፣ የእኔ ሞተር ሲሸከም ውርደት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? ደግሞስ አንተ በሞያሌ በኩል ስትወጣ ማንን አስፈቀድክ? ድምፅህን እስክንሰማ ሁለት ወር ሞተሃል እያልን ነው የኖርነው። ያኔ በሌለህበት ሽማግሌ ሰብስቦ ሕይወትህን የወሰነልህ የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ጋሽ ሕዝቅኤል የነቀነቁት አንተ ቀድመህ ስለናቅከኝ ነው።

ስለ እማዬም ልንገርህ፣ የምትጨነቅ ከመሰለህ። ባለፈው እሁድ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ቸርች በሞተር አድርሺኝ አለችኝ። ሄልሜቱ ከሻሿ በላይ አልገባ ብሎ ስንታገል ቆየን፤ በመጨረሻ ሻሹ ተሸነፈ። በመናኸሪያው በኩል ዙሪ አለችኝ። እማዬ፣ በዚያ በኩል እኮ ይረዝማል ብላት፣ አውቃለሁ፣ ሰው ይየን አለች። በየመታጠፊያው ኢየሱስ እያለች ጎኔን እንደ ጉጠት ጨምድዳ ይዛኛለች። ተሸካሚዎቹ ከዕቃቸው ቀና ብለው አጨበጨቡላት። ቸርቹ በር ላይ ጋሽ ሕዝቅኤል ቆመው ነበር። እማዬ ወርዳ ሻሿን አስተካክላ፣ ያደረሰችኝ ልጄ ናት ብላቸው ገባች። እሳቸው እስከ ዛሬ አላናገሩኝም፤ ሲያናግሩኝ እመልስላቸዋለሁ።

አሁን ከተማው እኔን ቃሏን ያጠፈች ልጅ እያለ ያወራል። ዕቃ ላደርስ በገባሁበት ቤት ሁሉ ሴቶቹ ይጠቃቀሳሉ። አንዷ ደንበኛ በሩን ከፍታ፣ የደቡብ አፍሪካውን ሰው አዋርደሽ የቀረሽው አንቺ ነሽ ብላኛለች። ሳሙናዋን ሰጥቻት ወጣሁ፤ ምን ልበላት? ያልሰጠሁት ቃል እንዴት ይታጠፋል? ስለዚህ ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለአምስቱም ሽማግሌዎች ደውል። ሊሻን አልተጠየቀችም፣ ተስማምታለች ያልኩት እኔ ነኝ በላቸው። ለመልካሙም ይህንኑ በአፍህ ንገረው፤ እሱም እንደ እኔ ተታሏል። ቃል ሰጥቻለሁ ትለኛለህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የወጣው ካንተ አፍ ነውና አንተው ወርደህ አምጣው።

እስክትደውልላቸው ድረስም ቢሆን ስልክህን አነሳለሁ፣ ጤናህንም እጠይቃለሁ፤ ስለ ቪዛ አንድ ቃል ካነሳህ ግን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሞተሩንም አልመልስም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለምወድህ ነው ልል ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል፣ የጻፍኩት ስለተናደድኩ ነው። ግን እወድሃለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፣ ሳልህን በዝንጅብል ያዝ ብላለች። ነኢማ ባታውቅህም ሰላም በይልኝ ብላኛለች። ሀኒን በጣም በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ጓንት ለሞተሩ ሆኖልኛል በላት። አዶናይን አክስትህ ናት በለውና ባወጣው ጥርስ ልክ ሳምልኝ። ሱቅ አብረዋችሁ ለሚውሉት ለአገር ልጆች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለመልካሙም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሰላምታ ብቻ።

እህትህ ሊሻን
ሆሳዕና፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.