ራሴን ይቅርታ ጠየቅሁ

መጋቢት 4
እሑድ። ዝናብ። ለሁለት ሰዓት ተኩል ሰበክሁ። ግማሾቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር... ተኝተው ነው? እያሰላሰሉ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ቶማዚን የተቀደደ ካባዬን ስትጥፍ ዋለች።

መጋቢት 9
መጽሐፌ ታትሞ ከለንደን መጣ! ሃያ አራት ገጽ። «የተቀደሰው አጥር፦ የቁርባኑን ጠረጴዛ ከውሾችና ከደፋሮች ስለ መጠበቅ»። ከሥሩ ስሜ፣ ቄስ አምብሮዝ ቴትሎው፣ በትልልቅ ፊደል። አሁን በጠረጴዛው ዙሪያ የእንጨት አጥር ለምን ተተከለ የሚሉት ሁሉ አፋቸውን ይዘጋሉ።
ለቶማዚን አሳየኋት። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ተቀበለችኝ። «ፊደሉ ያምራል» አለች። ስለ ሐሳቡስ? ምንም። ሚስት ስለ አጥር ምን ታውቃለች... ለነገሩ ረቂቁን ሦስቴ የገለበጠችው እሷ ናት። የእኔን ጽሑፍ እኔም ማንበብ ያቅተኛል።

መጋቢት 18
አሮጊቷ ሲስሊ ዛሬም አጥሩ ሥር አልተንበረከከችም። ጉልበቴ አይታጠፍም ትላለች። ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ሳትቆርብ ተመለሰች። ቶማዚን ደግፋ እስከ ቤቷ አደረሰቻት። ምሳዬን ቀዝቅዞ በላሁ።

ሚያዝያ 21
አዟሪው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። «አባታችን፣ ስለ እርስዎ የተጻፈ ይዣለሁ! በየመንደሩ እየተሻሙበት ነው።» ደስ ብሎኝ ተቀበልሁት። ምነው እጄን በቆረጠው!
«አጥሩ ለማን ነው? ከመንጋው አንድ በግ የሰጠው መልስ»። ጸሐፊው ስሙን ደብቋል። «ስለ ውሾች ሃያ አራት ገጽ የጻፈው እረኛችን፣ ጉልበቷ ስለታመመ አሮጊት አንድ መስመር አልተረፈውም» ይላል። ስብከቴን ለዶሮዎች እንደምለማመድም ጽፏል! ይህን ማን አየ? ባለ ወፍጮው ጊልበርት ነው። ቤቱ ከዶሮዎቹ ጓሮ ጀርባ ነው። በስብከቴ መሃል ሲያዛጋ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሚያዝያ 22
ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ጻፍሁ። በጉ ይፈለግ። ባለፈው ዓመት ለንደን ውስጥ ጳጳሳትን በነቀፉት ሦስት ጸሐፊዎች ላይ እንደተደረገው፣ ጆሮው ይቆረጥ። ሁለቱም። ቶማዚን ደብዳቤውን ስታሽግ የማሸጊያውን ሰም ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል።

ሚያዝያ 29
እንዴት ብዬ ልጻፈው...
ያንን መርዝ ለሃያኛ ጊዜ ይሁን ለሠላሳኛ፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር። «እረኛችን የተሰነጠቀ ከበሮ ነው» አልሁ። ከወጥ ቤት ቶማዚን፦ «ባዶ ከበሮ ነው የሚለው።»
አየሁ። እውነትም «ባዶ» ነው።
ግን እኮ መጽሐፉን አሳይቻት አላውቅም። ሣጥን ውስጥ ነው የምቆልፍበት። ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው።
ወደ ወጥ ቤቱ ሄድሁ። ቢላዋና ሽንኩርት ይዛ ቆማለች።
«ቶማዚን...»
«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሚያዝያ 30
ዛሬም ሰበክሁ። ምን እንዳልሁ አላውቅም። ስንመለስ ጠየቅኋት።
«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»
«ነገርኩህ። ስለ ሲስሊ አሥራ አንዴ ነገርኩህ።»
«እኔስ ምን አልሁ?»
«ካባዬ ደረቀ ወይ አልከኝ።»
ብያለሁ? ብዬ ይሆናል። ካባው ቶሎ አይደርቅም።
«እሺ፣ ባዶ ከበሮ ምን አመጣው?»
«እሱ እንኳ ተናድጄ ነው» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ፦ «ጽፌ ለአታሚው ስልከው ግን ደስ አለኝ።»

ግንቦት 3
አልተነጋገርንም። የገብስ ሾርባ ሠርታ አስቀመጠችልኝ። ጨው የለውም። ጨው ስጪኝ ለማለት መነጋገር ሊኖርብን ነው... ያለ ጨው በላሁት።

ግንቦት 8
የጳጳሱ መርማሪ ዶክተር ሃቨርጊል ከሁለት ፈረሰኞች ጋር መጣ። እኔው ነኝ የጠራሁት! ደብዳቤዬን እጁ ላይ አየሁት፤ «ሁለቱም» የሚለው ላይ አስምሮበታል።
«ቄስ ቴትሎው፣ ማንን ትጠረጥራለህ? ባለ ወፍጮ አለ ብለሃል።»
ቶማዚን ልትናገር ተነሣች። ጆሮዎቿን አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ትንንሽ መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም።
«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልሁ።
«ምኑን?»
«መልሱን። በጉ እኔ ነኝ።»
«ራስህን ባዶ ከበሮ ብለህ ጻፍህ?»
«ለትሕትና ብዬ።»
«ከዚያ የራስህ ጆሮ ይቆረጥ ብለህ ለእኛ አመለከትህ?»
«ትሕትናው... በዛ።»
አላመነኝም። «የጻፍኸው አንተ ከሆንህ፣ እስቲ ሦስተኛውን ገጽ በቃልህ በለው» አለኝ። አልሁት። አራተኛውንም። ስለ ዶሮዎቹ ያለውን፣ ስለ ሲስሊ ጉልበት ያለውን፣ አንድ ቃል ሳልዘል እስከ መጨረሻው። በንዴት ስንቴ አንብቤዋለሁ! ሲስሊ ጋ ስደርስ ግን ቀና ብዬ ቶማዚንን አየኋት። ለካ እውነት ነው...
ፈረሰኞቹ ግድግዳ ተደግፈው በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። ሃቨርጊል ከንፈሩን ነክሶ ፈረደብኝ፦ «ተበዳዩም በዳዩም አንተ ነህና ጆሮህን ትቼልሃለሁ። እሑድ እንደ ንስሐ ገቢ ነጭ አንሶላ ለብሰህ፣ ምእመናን ፊት ቆመህ፣ የደብሩን ቄስ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»
«የደብሩ ቄስ እኮ እኔ ነኝ።»
«ራሱን ነዋ!»
ሲሄዱ ቶማዚን በሩን ዘጋች፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቀጥሎ ሳቀች። ቀጥሎ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ግንቦት 14
አንሶላው ያጥራል፤ ቁርጭምጭሚቴ ታየ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሌላ ደብር ያሉት ሳይቀሩ መጥተዋል።
«ቄስ አምብሮዝ ቴትሎውን ባዶ ከበሮ ብዬ ተሳድቤያለሁና ይቅር ይበለኝ» አልሁ።
ጊልበርት ከኋላ፦ «ይቅር አለህ?»
«እያሰበበት ነው» አልሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጣራው እስኪነቀነቅ ሳቁ። አንድም ሰው አልተኛም። እዚህ በሰበክሁበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ሰኔ 6
ትናንት ቁርባኑን ይዤ ከአጥሩ ወጣሁ፤ ሲስሊን በተቀመጠችበት አቆረብኋት። እጄን ያዘችኝና አልለቅ አለች።
ዛሬ ደግሞ ከሃቨርጊል ደብዳቤ። በበጉ መልስ ላይ ያዩት ብዕር ጳጳሱን አስደንቋል፤ ስለ አጥሩ ጥቅም አንድ መጽሐፍ እንድጽፍ ይፈልጋሉ። በዚያው ብዕር።
ደብዳቤውን ለቶማዚን ሰጠኋት። «ምን ትያለሽ?» አልሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ የምቀልድ መስሏታል። ወንበር ሳብሁላት።
ተናገረች። ብዙ ነበር። ሁለቴ ላቋርጣት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ካነሣቻቸው አራት ነጥቦች ሁለቱን አልተቀበልኋቸውም። ነገ ቁርስ ላይ እነግራታለሁ። በጽሑፍ ሳይሆን በአፌ።