ቀይ ሰሌዳው ጋ ስንደርስ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2006

ዘነበ፣ አባራ፣ ደግሞ ዘነበ። ምስር በላሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ይርጉ ነው፤ ድሮ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «መነጽሬን ረሳሁ» ነው መልሴ። ምን አገባቸው?

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የእግር ጉዞ አለ። አዘጋጇ ልዕልት ኮል አደረገች። «አባባ፣ ረጅም ነው፣ ይችላሉ?» ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ከሁሉ ታላቅ እኔ ነኝ። የምመራውም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ወዳጄ መንግሥቴ ሆስፒታል ነው። ዛሬ አልናገርም። ይርጉ፣ ሂድ ተኛ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቅዳሴ ቀረሁ። ጻፍ።

ስምንት ነበርን። አውቶቡሱ ከሰፈራችን ከሬኒየር ቫሊ ወስዶ ሀብታም ሰፈር አወረደን። ሣሩ የተከረከመ፣ ሰው የሌለበት፣ ውሻ ብቻ። አንዲት ፈረንጅ በመስኮት አየችን። ነጠላ ለብሰን ተሰልፈን... ቀብር መስሏት ይሆን?

ከዚያ ጫካው። ባሕሩ ድረስ ቁልቁል ነው። እኔ ፊት፣ መንግሥቴ ከኋላዬ። በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቀድሞኝ አያውቅም። አሳንሰር ሲከፈት እንኳን «ይቅደሙ ጋሼ» ነው።

የወይዘሮ ገንዘብ ጫማ ተበጠሰና ልዕልት አብራት ቀረች። «ቀስ እያላችሁ ቅደሙ፣ የመንገዱን ሳይን ብቻ ፎሎው አድርጉ» አለችን።

መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ሰሌዳ ቆሟል፣ ቀይ ጽሕፈት። ፊቱ ቆምኩ... እንደሚያነብ ሰው። በቀኝ በኩል ባሕሩ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል። መንግሥቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በየት ነው ጋሼ?»

«ባሕሩ እየታየ ምን ያስጠይቃል? በዚህ!»

ሁሉም ተከተሉኝ።

ለካ መንገዱ ተንዷል። ጭቃው ከእግራችን ሥር ከዳን። እኔ የዛፍ ሥር ያዝኩ። መንግሥቴ የባሕሩ ጠጠር ድረስ ወረደ። እየተንፏቀቅኩ ስደርስለት «ደህና ነዎት ጋሼ?» አለኝ። እሱ፣ እኔን!

ልዕልት ሮጣ መጣች። «አባባ! ሳይኑ በናዳ ምክንያት ዝግ ነው ይላል እኮ። አላዩትም?»

«መነጽሬን ረስቼ።»

አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

የተሰበረው የመንግሥቴ ዳሌ ነው። ቀዶ ጥገናው አልያዘም። ከእንግዲህ መራመድ የለም አሉ። ልጁ ኤዶም ሬንተን ከተማ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባችው። ሁለት ሥራ ይዛ ምን ታድርግ?

እኔ ነኝ የሰበርኩት። ልንገረው? ብነግረውስ እግሩ ይመለሳል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ሌላ ጉዞ ወጡ። ልዕልት ናት ፊት ፊት የምትሄደው። እኔ መንግሥቴ ዘንድ ሄድኩ። ከስቷል። ሾርባው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«መንግሥቴ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አልኩት። በአንድ ትንፋሽ።

ሳቀ። «ዳዊቱን ገልብጠው ሲይዙ እኮ ከጎንዎ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ! አንድም ቀን ሳይናገር!

«ሰሌዳውንስ?»

ብርድ ልብሱን አስተካከለ። «አንብቤው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም፣ አንተ የማትረባ!»

«ሰው ፊት? እርስዎን ላሳፍር?... ጉሮሮዬንማ ጠርጌ ነበር።»

የምሰድበው ሰው አጣሁ። እሱን? ራሴን?

በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋሁት ከክፍሉ ወጣን። ኮሪደሩ ለሁለት ተከፈለ። እዚያም ሰሌዳ።

«ምን ይላል?» አልኩት። ከይርጉ በቀር ማንንም እንዲህ ጠይቄ አላውቅም።

«በቀኝ ምግብ ቤት፣ በግራ መውጫ።»

በግራ ገፋሁት። በሩ ቁጥር ካልነኩለት አይከፈትም፤ ቁጥሩን ደግሞ ነርሶቹ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። በመስታወቱ የመኪና ማቆሚያው ይታያል። ይዘንባል። ቆመን አየን... እኔ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ።

«እንመለስ ጋሼ» አለ።

ተመለስን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ።