የናቲ መኪናና የእትዬ አማረች ዳሌ

ረቡዕ

ጎረቤታችን እትዬ አማረች ዛሬ ብቻቸውን ከአልጋ ወደ ወንበር ተሻገሩ! ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተሠራ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ልጃቸው አበራሽ በአጥር ስትጠራኝ እጄ ሳሙና እንደሆነ ሮጥኩ። ይርጋለም ከተማ ያለችው ሁለተኛዋ ልጃቸው ደግሞ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ሄጄ ላርሳት አልቻልኩም እያሉ ያለቅሳሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃሉ።

ሐኪሙ ቀስ ብለው መውጣት ይችላሉ አላቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቆሜ ካላመሰገንኩ እንቅልፍ የለኝም።" ባጃጅ አይሆንም። ባለፈው ለቀጠሮ በባጃጅ ሲሄዱ ኮብልስቶኑ ላይ ያለቀሱት ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ናቲ ይውሰደኝ" አሉ። እሺ አልኩ። እምቢ እላለሁ እንዴ?

ናቲ ልጄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል ይሠራል። መኪናው ግን እንደ ሰው መኪና አይደለችም። ሁለት በር ያላት፣ ቀይ፣ ጣሪያዋ ደረቴ ጋ የሚደርስ የስፖርት መኪና ናት። በሷ ሥራ ይሄዳል፣ በሷ ገበያ ያደርሰኛል። ቤት ስገባ የራሱን ወሬ ይዞ ጠበቀኝ፤ የኋላ ግራ ሞላዋ ተሰብሯል። ሞላ ማለት ጎማው ጋ ሆኖ መኪናውን የሚሸከመው ጠመዝማዛ ብረት ነው። መኪናው ተሰብሮበት ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል! "እማ፣ መቀየሩ ካልቀረ ዝቅ አደርጋታለሁ" አለኝ።

የእትዬ አማረችን ነገር ዋጥኩት። ደስታው አሳዘነኝ።

ሐሙስ

ናቲ ፈቃድ ጠይቆ ቱላ መንገድ ያለው ጋራዥ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ብቻውን ከለቀቅኩት ሆዷን መሬት አስነክቶ ነው የሚመጣው። መካኒኩ ዳኒ ቀልደኛ ነው። "ምነው፣ ሽማግሌ ይዘህ የመጣኸው ሚስት ልትጠይቀኝ ነው?" አለው።

ማዳበሪያ አንጥፎ ሁለት ዓይነት ዕቃ ደረደረልን። አንደኛው አጭር ሞላ ብቻ ነው፤ ከድሮው አሞርዛተር ጋር ይገጠማል። አሞርዛተር መኪና ጉድጓድ ገብታ ስትወጣ እንዳትዘል የሚይዛት ዘንግ ነው፤ ይሄንንም ዛሬ ተማርኩ። አጭሩ በጣም ዝቅ ያደርጋል፣ ያምራል፣ ግን ደረቅ ነው። "አሞርዛተሯ ስለደከመ እንደ ፍየል ትዘልላችኋለች" አለ ዳኒ። ሁለተኛው ሞላውም አሞርዛተሩም አንድ ላይ የተሠራ፣ ሰማያዊ ነው። ወገቡ ላይ ቀለበት አለው። ቀለበቱን ወደ ላይ ሲያዞሩት መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ወደ ታች ሲያዞሩት ዝቅ ትላለች። ያን የሚያህል መኪና፣ በቀለበት! ጉድ ነው።

ሞላውን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። በሙሉ ሰውነቴ ተደገፍኩበት፤ እኔ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለሁም። ምንም! "ታዲያ ይሄ ድንጋይ እንዴት ነው የሚመቸው?" ስል ዳኒ ሳቀ። "ለእርስዎ አይታጠፍማ እናት፣ ለመኪና ነው።"

የናቲ ዓይን አጭሩ ላይ ነው። ያኔ የዋጥኩትን አወጣሁት፤ እሁድ እትዬ አማረችን እንወስዳለን ብያለሁ አልኩት።  በባጃጅ ያለቀሱ ዕለት አቅፎ ያወረዳቸው እሱ ነበር። አጭሩን ሞላ በእግሩ ገፋ አደረገና "ሰማያዊውን ግጠምልኝ" አለ። "ግን ወደ ታች ነው የምታዞረው!"

ዓርብ

ተገጠመ። ናቲ ከሰዓት በኋላ መጥቶ "ነይ ውጪማ" አለኝ። መኪናዋ በራችን ላይ እንደ ድመት ተኝታለች። ጎማውና ከላዩ ያለው ቆርቆሮ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይገባል። ናቲ ይዞራታል፣ ያያታል፣ ደግሞ ይዞራታል። ባለቤቴ ወጥቶ "ይቺ መኪና ናት ወይስ ምንጣፍ?" አለ።

በሐይቁ በኩል ባለው አስፋልት ወጣን። እንዴት ብዬ ልጻፈው! መንገዱን እየዳሰሰች ነው የምትሄደው። ኩርባው ላይ እንኳ አላዘነበለችም። የያዝኩትን የበር እጀታ ለቀቅኩት። ይህን ሁሉ ዘመን መንገድ ማለት ወገብ የሚያናጋ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ስንመለስ ባህል አዳራሽ ጋ ከመዘምራኑ ታደለችንና ብዙነሽን አገኘናቸው። ባዶ ወንበር ይዞ የሚያውቁትን ሰው ማለፍማ አይሆንም። የፊቱን ወንበር አጥፈን፣ እየሳቁ ተጠቅጥቀው ኋላ ገቡ። ሰፈራችን መግቢያ ያለው ጉብታ ላይ ስንደርስ ክርርርች! ማርሚታዋ፣ ከሆዷ ሥር ያለው የጭስ ማውጫ፣ መሬቱን ቧጠጠው። ታደለች "ኢየሱስ!" ብላ ጮኸች። ብዙነሽ "እኔ ነኝ የከበድኩት" ብላ ልትወርድ በር ፈለገች። ኋላ በር የለም።

የናቲ ፊት ቀላ። ለካ ቁመቷን የለኩት ባዶዋን ነው! እዚህ ከተማ መኪና ባዶውን የሚሄደው መቼ ነው? እሁድ እትዬ አማረች ከፊት፣ እኔና አበራሽ ከኋላ፣ መደገፊያ ብረታቸው ዕቃ መጫኛው ውስጥ። ያ ጉብታ ዳሌያቸው ላይ ቢያርፍስ? 

ቅዳሜ

ዳኒ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በሉ እሁድ የምትጭኑትን ሰው ያህል ሰው አምጡልኝ።" ታደለችና ብዙነሽ እምቢ አላሉም። ታደለች በእትዬ አማረች ቦታ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔና ብዙነሽ ከኋላ፣ ናቲ መሪው ላይ። ዳኒ ተንበርክኮ ይለካል። "ትንፋሽ መያዝ አይጠቅምም፣ መኪናዋ ታውቃለች!" ይለናል። ያስወርደናል፣ በክሪክ ያነሣታል፣ ቀለበቱን ያዞራል፣ ደግሞ ግቡ ይለናል። ስንገባ ስንወጣ መዝሙር ጀመርን። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እኛን ያያል።

በመጨረሻ ናቲ ወርዶ አያት። ከድሮዋ ብዙም አትለይም። ድመቷ ተነሥታ ቆማለች። "ከፋህ?" አልኩት። "ትንሽ" አለ።

ዳኒ አሞርዛተሩ አናት ላይ ያለችውን ማዞሪያ ወደ ለስላሳው አደረጋትና ሰፈር ሄደን ሞከርን። ጉብታው ላይ ምንም አልነካም። አራት ጠመዝማዛ ብረት ያን ሁሉ ሴት ተሸክሞ ዝም! ግን እኔ ጤነኛ ነኝ፤ የሳቸውን ዳሌ በኔ መለካት አይቻልም።

እሁድ

ናቲ በሩን ከፍቶ የእትዬ አማረችን ጀርባ ወደ ወንበሩ አዞረ። መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ አስገባላቸው። "ልጄ፣ መኪና ውስጥ ነው ወይስ ጉድጓድ ውስጥ የከተትከኝ?" አሉ።

ኮብልስቶኑ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሲዳምኛ ቀስ ብለው ይጸልያሉ። አበራሽ ከኋላ እጄን አጥንቴ እስኪሰማው ጨብጣለች። ናቲ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ እንደያዘ ሰው ነው የሚነዳው። ጉብታው ላይ ወጣን። ወረድን። 

ትንሽ እንደሄድን እትዬ አማረች ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ጉብታው ጋ ስንደርስ ንገሩኝ" አሉ።

"አልፈነዋል እኮ እትዬ" አላቸው ናቲ።

ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። እኔ ከኋላ ሆኜ አምላኬን ላመሰግን ወይስ ዳኒን፣ ግራ ገባኝ።

መውረዱ ግን ከባድ ነበር። ሦስት ሆነን ነው ያነሣናቸው፣ "ዋይ" ብለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ቆሙ። ቆመው አመሰገኑ። 

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሰው አላጣም። ታደለች መጣች፤ "የእርስዎ ሚዛን እኔ ነበርኩ ብዬ ለእትዬ አማረች ሁሉንም ነገርኳቸው" አለች። ዳኒ ብቅ ብሎ "ነካ?" አለ፤ አልነካም ስለው ሻይ እንኳ ሳይጠጣ እየሳቀ ሄደ። መጨረሻ ላይ አበራሽ መጣች። ናቲን ቁጭ አድርጋ፣ በእናቷ ድምፅ፣ "እስከ ፍቼ በዓል ታገሠኝ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫችን ጉዱማሌ አደባባይ በእግሬ ነው የምሄደው። ያኔ ቀለበትህን አዙር፤ መኪናህ ከፈለገች መሬት ትላስ፣ ብላሃለች" አለችው።